የፎገራን ልጆች ስለ መጠጥ የጠየቅሁባቸው አምስት ዓመታት

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ታብሌት ይዞ ወረታ ውስጥ እኔ ወደምሠራበት ሩዝ መፈልፈያ መጣ። ጆንያ የሚሸከሙትን ልጆች ሊጠይቅ ነው። ማሽኑ ይጮኻል፣ ገለባው ዓይን ይሞላል፣ ልጆቹ ተሰብስበው ቆመዋል። እሱም ቆሞ የመጀመሪያውን ጠየቀ።

«አልኮል ትጠጣለህ?»

«አልጠጣም።»

«ጫት ትቅማለህ?»

«አልቅምም።»

«ሲጋራ? ሺሻ? ሌላ ሱስ የሚያስይዝ ነገር?»

«ኧረ በሚካኤል! እኔን ምን አድርገህ አየኸኝ?»

ጓደኞቹ ሳቁ። ልጁም ሳቀ። ጠያቂው መስታወቱን ነካ ነካ አድርጎ አመሰገነና ወደሚቀጥለው አለፈ። ያ ልጅ ጠዋት በአጠገቤ ሲያልፍ አረቄ አረቄ ይሸት ነበር።

ማሽኑን አጥፍቼ «እንዲህ አይጠየቅም!» ልል ምንም አልቀረኝም። ግን አፌን ያዝኩ። ያን ሥራ ከተውኩ አራት ዓመት ሆኖኛል፤ የተውኩበትን ምክንያት ደግሞ እኔ ነኝ የማውቀው። የዚያን ዕለት ቤት ስገባ ግን እንቅልፍ እንቢ አለኝ። በሃያ ዘጠኝ ዓመቱ የሥራ ዘመን ትዝታ የሚጽፍ ሰው ያስቃል። ይሁን፣ ሳቁ። እኔ ከዚያ ሥራ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ናፍቆቱም የጡረተኛ ናፍቆት ነው።

ወደ ሥራው የገባሁት በባጃጅ ነው። አሥረኛ ክፍል ላይ ትምህርቴን ጥዬ፣ የሰው ባጃጅ ይዤ ከመናኸሪያው ወደ ደብረ ታቦር መገንጠያ እመላለስ ነበር። አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንልኝም። ያገኘሁትን መጽሐፍ ተሳፋሪ እስኪሞላ አነባለሁ፣ የሲጋራ ካርቶን ላይ ግጥም እጽፋለሁ። ሌሎች ሾፌሮች ባጃጃቸው ጀርባ ላይ «ሁሉም ያልፋል» ሲያስጽፉ እኔ በየወሩ የራሴን ሁለት መስመር በቀለም እቀይር ነበር።

አንድ ቀን ነጠላ የለበሱ፣ ወፍራም መነጽር ያደረጉ ሴት ሲወርዱ ወደ ጀርባው ዞረው አነበቡት።

«ይሄን ማን ጻፈው?»

«እኔ ነኝ፣ እማማ።»

«ፊደልህ ይነበባል። ግጥምህ ግን ያጋንናል።» መነጽራቸውን አወለቁ። «አማርኛ በደንብ የሚጽፍ፣ የገጠር መንገድ የማይፈራ ልጅ እፈልጋለሁ። ሥራው መጠየቅ ነው። ትችላለህ?»

«ምን መጠየቅ?»

«ልጆች ምን እንደሚጠጡ፣ ምን እንደሚቅሙ።»

«እሱንማ ሳልጠይቅ እነግርዎታለሁ።»

«እንግዲያው አትሆነኝም» አሉና መንገድ ጀመሩ። ሮጬ ደረስኩባቸው።

ሲስተር በላይነሽን ያወቅሁት እንዲህ ነው። ዕድሜያቸውን ሁሉ በነርስነት የሠሩ የደብረ ታቦር ሰው ናቸው። ከሆስፒታል ጡረታ ከወጡ በኋላ፣ በአሥራዎቹ ዕድሜ ያሉ ልጆችን የመጠጥና የዕፅ ልማድ ለሚያጠኑ ሰዎች መረጃ የሚሰበስብ ቡድን ይመሩ ነበር። አበሉ ዘግይቶ ይመጣል፣ ቅጹ ሦስት ቦታ ይፈረማል። ስለ እሱ ይህን ያህል ይበቃል።

የመጀመሪያው ምድቤ እዚሁ ወረታ፣ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር። ሲስተር መምህሩን በትህትና ከክፍል ያስወጣሉ። ተማሪዎቹን አራርቀው ያስቀምጣሉ። እኔ ከኋላ ልቆም ስል በእጃቸው ጠሩኝ።

«ከኋላ የቆመ ሰው ያነባል። ባያነብም ያነባል ይባላል። ፊት ለፊት ና፣ መስኮቱን እይ።»

ወረቀቱ ላይ ስም አይጻፍም። የሞላ ልጅ ራሱ አጥፎ እንቨሎፕ ውስጥ ይከታል። ማታ ሲስተር መልሶቹን ቆጥረው ይመዘግባሉ፤ ከዚያ እንቨሎፖቹን እናሽጋለን። ሌላው ቡድን በማጣበቂያ ያሽግ ነበር፤ የፎገራ ክረምት ግን ማጣበቂያ አይምርም፣ እርጥበቱ ሁሉንም ይከፍተዋል። ሲስተር ከቦርሳቸው መርፌና ጥቁር ክር ያወጡና እንደ ትራስ ልብስ ጥግ ጥጉን ይሰፉታል። እኔንም አስተማሩኝ። «የሰፋኸውን የፈታ ሰው ይታወቃል» ይሉ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ውጤት አስገረመኝ። ክፍሉ ሙሉ ልጅ፣ አንድም መጠጥ ቀምሶ የሚያውቅ የለም። ሲስተር እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ።

«ትናንት እዚህ ሰፈር ክርስትና አልነበረም እንዴ?»

«ነበር። እኔም ነበርኩ።»

«ማን ቀዳልህ?»

«ልጆቹ። እነሱው ናቸው የሚቀዱት። እየቀዱም…» ቆምኩ።

«አየህ? ጠላ እዚህ አገር የድግስ ምግብ ነው። መጠጥ ብለህ ከጠየቅኸው ልጁ መጠጥ ቤት ያለውን ነው የሚያስበው። ልጁ አልዋሸህም፣ አንተ ነህ ያልጠየቅኸው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቃለ መጠይቅ ስናደርግ በድግስ እንጀምራለን። ማን ተዳረ? ጠላውን ማን ቀዳ? በጣሳ ነው በብርጭቆ? ለቀጂው የሚተርፈው ምን ያህል ነው? አረቄስ ወጣ? መለኪያዋ ስንት ጊዜ ዞረች? ልጁ ስለ ድግሱ እየሳቀ ያወራል፤ ራሱን መቼ እንደነገረን አያውቀውም። ሲስተር ሁልጊዜ ከልጁ ዝቅ ብለው ይቀመጣሉ። ድንጋይ ላይ ከተቀመጠ እሳቸው መሬት። ከመጀመራቸው በፊት የእጅ ሰዓታቸውን ፈትተው ኪሳቸው ይከታሉ። «እውነቱን ንገረኝ» ሲሉ አንድም ቀን አልሰማሁም። መጨረሻ ላይ «ሳልጠይቅህ የቀረ ነገር አለ?» ይሉና ዝም ይላሉ። ያ ዝምታ ረጅም ነው። መጀመሪያ መጀመሪያ አላስችል ብሎኝ እገባበት ነበር፤ በክርናቸው ይጎሽሙኛል።

በጣም የምወዳቸው ከገጠር መጥተው ወረታ ቤት ተከራይተው የሚማሩትን ልጆች ነበር። አራትና አምስት ሆነው አንዲት ጭቃ ቤት ውስጥ። ስንቃቸው በጨርቅ ተቋጥሮ ከምሰሶው ይንጠለጠላል፤ ወለሉ ላይ የጫት ገረባ ተበትኗል። አንዱ ቀጭን የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ መቼም አይረሳኝም።

«ጫት ለጥናት ነው፣ መምህር» አለኝ። ወረቀት የያዘ ሰው ሁሉ መምህር ነው። «ያለ ጫት ፊዚክስ አይገባም።»

«ከጫት ጋርስ ገባህ?»

«ሲመሽ ይገባል፣ ሲነጋ ይወጣል።»

ጓደኛው ከጥግ ሆኖ፣ «የሚያስወጣው ጨብሲው ነው!» አለና ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ምርቃናውን ለመስበር የሚጠጡትን አረቄ ማለቱ ነው። አብሬ ሳቅሁ። ወደ ቤቴ ስመለስ ግን እነዚያ ልጆች ጤፍና ሽሮ ቋጥረው ለሚልኩላቸው እናቶች ምን እንደሚሏቸው እያሰብኩ ነበር።

ክረምት ሲገባ ትምህርት የተዉትን ፍለጋ በየቀበሌው እንወጣለን። ርብና ጉማራ ወንዞች ሞልተው ሜዳው ላይ ሲተኙ መንገድ የሚባል አይኖርም። ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልዬ በራሴ ላይ አስራለሁ፤ ሲስተር ቀሚሳቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው በታንኳ ይቀመጣሉ። ቀዛፊው «እማማ፣ እርስዎ በዚህ ዕድሜ ምን አጥተው ነው?» ሲላቸው «መልስ» ይሉታል። የሩዙ አረንጓዴ፣ ከውሃው ውስጥ ቀንዳቸው ብቻ የሚታይ ከብቶች፣ በየደጁ የቆመው የገለባ ክምር… ባጃጅ ላይ ሆኜ የማላውቀው አገር ነበር። በየምሽቱ እጽፈዋለሁ። በአንድ በኩል መጠይቁን፣ በሌላ በኩል የራሴን ደብተር። ሲስተር ደብተሩን ያዩታል።

«አገሩን ጻፍ፣ ውሃውን ጻፍ። መልሱ ግን የልጁ ነው፤ እኛ ተሸካሚ ነን» አሉኝ አንድ ቀን። እሺ አልኩ። የምር እሺ ያልኩ መስሎኝ ነበር።

አምስተኛ ዓመቴ ላይ፣ በየካቲት መጨረሻ፣ ምድባችን ቁሐር ሚካኤል የሚባል ቀበሌ ነበር። ሩዙ ታጭዶ ከብት ቃርሚያው ላይ ተለቋል። ሲስተርን ወባ ጥሏቸው ወረታ ቀርተዋል፤ ትምህርት ቤቱን ብቻዬን ሠራሁ። ስምንተኛ ክፍሎች ሞልተው ወጡ። አንዲት ልጅ ብቻ ቀረች። እዚህ ሰላማዊት እላታለሁ። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። እንቨሎፑን አልሰጠችኝም።

«ጨረስሽ?»

«ጨርሻለሁ። ግን ወረቀቱ ያልጠየቀኝ ነገር አለ።»

ሰዓቴን ፈታሁ። ከዴስኩ ወርጄ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። በሩን ክፍት ተውኩት። ዝም አልኩ።

«ለምን ትጠጫለሽ ይላል። ለመዝናናት፣ ጓደኞቼ ስለሚጠጡ፣ ችግሬን ለመርሳት ይላል። ለሥራ የሚል የለም።»

«ለሥራ?»

«እናቴ አረቄ አውጪ ናት። ግን አትቀምስም። ወንድሜ ሊሞት ሲል ለሚካኤል ተሳለች፤ ልጄን ካዳንክልኝ መጠጥ በከንፈሬ አይዞርም ብላ። ዳነ። አሁን ባሕር ዳር ግንበኛ ነው። አረቄው ግን መቀመስ አለበት።»

«በእሳት አይሞከርም እንዴ?»

እንደ ሞኝ አየችኝ። «እሳት ጥንካሬውን ነው የሚናገረው። ጭስ ጭስ ይበል፣ ጌሾው ይምረር፣ እሳት ምን ያውቃል? ከሸምበቆው መጀመሪያ የሚንጠባጠበውን እቀምሳለሁ፣ መሐሉን እቀምሳለሁ፣ ሊያልቅ ሲል እቀምሳለሁ። ዳግም ሲወጣም እንደዚያው። ደንበኛ ሲመጣ ደግሞ ፊቱ ቀምሼ ነው የምሰጠው። ከአሥር ዓመቴ ጀምሮ።» እጇን ዘረጋች። ጣቶቿ ይንቀጠቀጡ ነበር። «አረቄ ያልወጣ ቀን እንዲህ ነው። እጄ እስኪርቢቶ አይዝልኝም። ሰኔ ላይ ሚኒስትሪ አለብኝ። ለእናቴ ግን እንዳትነግርብኝ፣ መምህር። ራሷ ትቀምስና ስለቷን ታፈርሳለች፤ ወንድሜ ላይ የሆነ ነገር ይመጣል።»

የዚያን ዕለት በእግሬ ወረታ ድረስ ተመለስኩ። ለሲስተር ነገርኳቸው፤ ለእሳቸው መንገር የሥራው ደንብ ነው፣ ለልጅቷም ይህንኑ ነግሬያት ነበር። ከነትኩሳታቸው ተነስተው ተቀመጡ። «በአንዴ እንዳታቆም» አሉ። «በአንዴ ያቆመን ሰው ይጥለዋል። ሐኪም ሊያያት ይገባል።»

ከዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰላማዊት ገበያ ስትወርድ ሲስተርን ታገኛለች። የሚያውቁት ሐኪም አያት። ሲስተር ቀለል ያለ ዘዴ አስተማሯት፤ ቅመሺ፣ ትፊ፣ ተጉመጥመጪ። «ደንበኛ ፊት መትፋት ነውር ነው» ስትላቸው «ጓሮ ዞረሽ ትፊ» አሏት። በየቀኑ የዋጠችውን በጉንጭ ቆጥራ ትናገራለች፣ እኔ እየደመርኩ እጽፋለሁ፤ ቁጥሩ እየቀነሰ መጣ። በአራተኛው ቅዳሜ ወረቀት ሰጥቻት አንድ ገጽ ሙሉ ገለበጠች፤ መስመር የሳተ ፊደል አልነበረም። ሲስተር ወረቀቱን ወደ ብርሃን አንስተው ለረጅም ጊዜ አዩት።

እኔ ደግሞ በሚያዝያ መጀመሪያ አጠፋሁት።

ወረታ ውስጥ በአንድ አዳራሽ እሑድ ከሰዓት የግጥም ፕሮግራም ይደረግ ነበር። ዓመታት ሙሉ አነባለሁ፤ ሰው በጨዋነት ያጨበጭባል። ያን ቀን አዲስ ግጥም ይዤ ወጣሁ። የልጅቷ ስም የለበትም። ቀበሌው የለበትም። ወንድምየው ግንበኛ መሆኑ የለበትም። ስለቱን ግን አልተውኩትም፤ እንዲያ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም፣ ማማሩ አሳወረኝ።

እናት ከንፈሯን ለታቦት ሰጥታ፣
ልጅ ትቀምሳለች በእናቷ ፈንታ፤
ስለቱ ሰመረ፣ አንዱ ልጅ ዳነ፣
የሌላዋ ዕድሜ እንደ አረቄ በነነ።

አዳራሹ እንደ ዝናብ አጨበጨበ። ይህን ጭብጨባ ዕድሜዬን ሁሉ ስጠብቅ ነው የኖርኩት። ከመጨረሻው ወንበር አንድ የአይሱዙ ሾፌር ብድግ አለ። ከገጠር አረቄ እየጫነ ከተማ ያወርዳል።

«ወይ ጉድ! ይቺማ የስመኝ ቤት ናት!» አለ በታላቅ ድምፅ። «ቁሐር ነው የምጭነው፤ የማትቀምስ አረቄ አውጪ እሷ ብቻ ናት። ልጅቷ ናት የምትቀምሰው! እኔስ ምነው ይቺ ልጅ ሁልጊዜ ትስቃለች እል ነበር!»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። እኔ ወረቀቱን ይዤ መድረክ ላይ ቀረሁ።

ፎገራ ሜዳ ላይ ወሬ የሚያግደው ኮረብታ የለም። ረቡዕ ላይ ቁሐር ደርሷል። ሰላማዊትን ልጆቹ በትምህርት ቤት በር ላይ «ቀማሿ፣ ዛሬስ ስንት ጉንጭ?» እያሉ ተቀበሏት። ዓርብ ትምህርት ቤት አልመጣችም። ቅዳሜ ሲስተር ዘንድ አልመጣችም። ወንዛዬ፣ ከፍል ውኃው አጠገብ የምትኖር አክስቷ ዘንድ ሄዳለች ተባለ።

ሲስተር አልጮኹብኝም። ያልተሰፋ እንቨሎፕ እጃቸው ላይ ነበር፤ መርፌውን ወጋ አድርገው ተዉት።

«እኔ ወረቀት እሰፋለሁ» አሉ። «ያንተን አፍ ማን ይስፋልኝ?»

ሰኞ ዕለት አንዲት ቀይ፣ ረጅም ሴት ቢሯችን በር ላይ ቆሙ። ሳይነግሩኝ አወቅኋቸው። ልነሳ ስል «ተቀመጥ» አሉኝ። እሳቸው አልተቀመጡም።

«ሰው በየመንገዱ ቁራጭ ቁራጩን ይነግረኛል። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ሙሉውን አንብብልኝ።»

«እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ እኔ…»

«ይቅርታውን ቆይ። አንብብ።»

አነበብኩ። ስጨርስ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አነሱ።

«አትጠጣም ብዬ ነበር» አሉ። «ትቀምሳለች እንጂ አትጠጣም ብዬ ነበር። መቅመስ መጠጣት ነው እንዴ? አምስት ዓመት ሙሉ አጠገቤ ቆማ…» ከዚያ ቀጥ ብለው አዩኝ። «ምን ያህል ትጠጣለች? ለአንተ ነግራሃለች። ንገረኝ።»

አገር ሁሉ አውቆት፣ እናቷ ፊቴ ቆመው፣ መልሱን ያዝኩት።

«እሷን ይጠይቋት፣ እማማ። እኔ ልነግርዎ አልችልም።»

«አሁን ነው የማትችለው?» አሉና ወጡ።

ወንዛዬ የሄድኩት ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ታማሚዎች ከፍል ውኃው እየወጡ በፀሐይ ይደርቃሉ፤ ሰላማዊት የአክስቷን የተቆላ ሽምብራ በስኒ እየሰፈረች ትሸጣለች። አየችኝ። የያዘችውን ሰፍራ ጨረሰች። እንድቀመጥ አላለችኝም።

«ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት።»

«ግጥሙን ሰማሁት። ልጆቹ በቃላቸው ይዘውታል።» ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር። «በነነ ትላለህ። እኔ የት በነንኩ? አራት ቅዳሜ መጥቻለሁ። ሁለት ጉንጭ ደርሼ ነበር። አንተ ነህ ስትቆጥር የነበርከው። ይኸው ቆሜያለሁ፣ በንኛለሁ?»

«ዳነ» ለሚለው ቤት የሚመታ ቃል ስፈልግ ያገኘሁት እሱን ነበር። ይህን ልነግራት አፈርኩ።

«አንድ ነገር ላስቸግርህ» አለች።

«የፈለግሽውን።»

«ከእንግዲህ ሌላ ልጅ አትጠይቅ።»

በማግስቱ ወረቀቱን፣ ቦርሳውን፣ መታወቂያውን ለሲስተር አስረከብኩ። ምክንያቱን ስነግራቸው ተው አላሉኝም። እጄን ጨበጡኝና «ጥሩ ጠያቂ ነበርክ» አሉ። «ነበርክ»ን ጠበቅ አድርገው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ከሩቅ ነው የሰማሁት። ወይዘሮ ስመኝ ለነፍስ አባታቸው ተናግረው ስለቱ በሻማና በጥላ ተለወጠላቸው፤ አረቄውን ራሳቸው መቅመስ ጀመሩ፣ ከዓመት በኋላም ትተው ሩዝ ወደ መነገድ ዞሩ። ወንድምየው ደህና ነው። ሰላማዊት የዚያን ዓመት ፈተና አመለጣት፤ በሚቀጥለው ተፈተነች፣ አለፈች። ሲስተር በየወሩ ወንዛዬ ይመላለሱ ነበር፤ ዓይናቸው ደክሞ ቤት እስኪውሉ ድረስ። ሰላማዊት ሁለት ጊዜ ወደ አረቄው ተመልሳለች፣ ሁለት ጊዜ ተነስታለች። ዛሬ ወረታ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ትማራለች። መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላም ትለኛለች።

ይህን ጽፌ ስጨርስ ያለ እሷ ፈቃድ ለማንም ላላሳይ ወሰንኩና ትናንት መፈልፈያው በር ላይ ሰጠኋት። ጆንያ ላይ ተቀምጣ ሁሉንም አነበበች። ስሟን እሷው መረጠች፤ የእናቷንም። ግጥሙ ይቅር እንደሆነ ጠየቅኋት፤ «ይቆይ፣ እኔም ያልኩት ከሥሩ አለ» አለች። ከዚያ እስኪርቢቶ ተቀበለችኝና ሁለት ቦታ ላይ በረጅሙ ሰረዘች። ከእነዚያ ውስጥ አንዱ በጣም የምወደው ገጽ ነበር።

ወረቀቱን መለሰችልኝ። ለምን ብዬ አልጠየቅኋትም።